ለመደብ የተሰፋ ልብስ

«መድኃኒት አትበለው፤» አሉ ልብስ ሰፊው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው። «መድኃኒት ያድናል። ይሄ ይገድላል።»

«የሚገድለው እኮ አረሙን ነው፣ አባባ።»

«አረም መሆኑን በምን ያውቃል? ዓይን አለው? ሲደርስ ‹አንተ ማን ነህ?› ብሎ ይጠይቃል?»

የልጃቸው ባል መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀኝ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ጫን አደረገ። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። በማሠልጠኛዋ መኪና ከተማሪው ጎን ሲቀመጥ የራሱ የሆነች ትርፍ ፍሬን አለችው፤ እሷን ሲረግጥ ከመኖሩ የተነሳ፣ ከመኪና ከወረደም በኋላ ነገር ሊበላሽ ነው ብሎ ባሰበ ቁጥር እግሩ ሳያማክረው ይረግጣል። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጠርዝ ሲጠጋ ይረግጣል። የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ ሲሮጥ ይረግጣል። ሰፈሩ «ፍሬን» ብሎ ስም ያወጣለት በዚህ ነው፤ ስሙም ከመጣበቁ የተነሳ ሚስቱ እንኳ በሌላ አትጠራውም።

«የሚረጨውን ሰውዬ ጠይቄዋለሁ» አለ ፍሬን። «እውነቱን ለመናገር ይሄኛው አይመርጥም። ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ነው።»

«አየህ፣ በገዛ አፍህ።»

«በገዛ አፌ እውነቱን ተናገርኩ። ግን አሁን ግቢው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው? አረም ነው። ቃሪያውና ቆስጣው በላስቲክ ይሸፈናል፣ ሌላው ይረጫል፣ አለቀ። አምና የግቢው ጭቃ አንሸራቶዎት ክንድዎ ሲታሰር፣ ክረምቱን ሙሉ ሸሚዝዎን ስቆልፍልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ያውም እያዛነፍክ» አሉ ልብስ ሰፊው።

ዳቦ ስትቆርጥ የነበረችው ልጃቸው ቢላዋውን አስቀምጣ ሳቀች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ስትል ስለምትውል፣ ቤቷ ስትገባ መፍረድ አትወድም።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች።

«ይሄማ ፍርድ አይደለም።»

«ፍርድ ነው ማን አለህ፣ አባዬ? ሻይ ድገሙ ማለቴ ነው።»

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አንዴ ከያዘ ለሳምንታት የማይለቅ ዝናብ ነው፤ ጠዋት ያባራ ሲመስል ከሰዓት ይመለሳል። ቁም ሣጥን ውስጥ ጫማ ይሻግታል፣ የግቢው የእንጨት በር አብጦ ካልገፉት አልገጥምም ይላል። ደጅ የተረሳ መጥረጊያ ሳይቀር ያቆጠቁጣል እየተባለ ይቀለዳል። አረሙማ ከመጥረጊያው የተሻለ ሥር አለው።

ከማዕድ ቤቱ መስኮት ሥር ሦስት መደቦች አሉ። የመጀመሪያው ላይ ቃሪያ ተተክሏል፣ ሁለተኛው ላይ ቆስጣ። ሦስተኛው፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ያለው፣ ምንም አልተተከለበትም። ለፍሬን ይሄ መደብ ባዶ ነው። ለልብስ ሰፊው ግን ከሦስቱ ሙሉው እሱ ነው።

ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ድንብላል የዘራችው እዚያ ነበር። አንድ ጊዜ ዘራች፤ ከዚያ በኋላ ድንብላሉ ራሱን በራሱ ሲዘራ ኖረ። ፍሬው ይረግፋል፣ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ዝናብ ሲጠግብ ይነሳል። እሷ ካረፈች በኋላ በመጣው ክረምት፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ስለ አትክልት ሳያስብ፣ ድንብላሉ ብቻውን ወጣ። አምና ግን ሰርዶ አንቆት ጥቂት እግሮች ብቻ ቀሩ። ልብስ ሰፊው በታሰረ ክንዳቸው እነሱን ሲጠብቁ ከረሙ፤ አንዲት ቅጠል ሳያስቆርጡ እስኪያፈሩ ጠብቀው፣ ፍሬው መሬት ሲረግፍ በዓይናቸው አዩ። ዘንድሮ የሚበቅለው የዚያ ነው። ዘንድሮ ከተረጨ ግን አለቀ። ከገበያ የተገዛ ድንብላልም ድንብላል ነው፤ የእሷ እጅ ግን የለበትም።

ይህን ለምን አይናገሩም? ገና አልበቀለማ። «ላልታየ ነገር ነው ቤት የሚበጠብጡት?» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? ደግሞም የእናቷ ነገር በተነሳ ቁጥር ልጃቸው ዕቃ ልታጥብ ትነሳለች፤ የታጠበውንም ጨምራ ታጥባለች። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ያን ጠዋት የተከራከሩት ስለ ምድር ትል፣ ስለ ንብና ስለ ጎረቤት ድመት ጤና ነበር።

«መቼ ነው የሚመጣው ረጪው?» አሉ በመጨረሻ።

«ዝናብ እያለ አይረጭም፤ ታጥቦ ይሄዳል። ዝናቡ ፋታ የሰጠ ቀን እመጣለሁ ብሏል።»

«እንግዲያው እስከዚያ ቀን ተወኝ። ያን ቀን መደቦቹ ንጹሕ ካልሆኑ ይርጭ፣ አፌን አልከፍትም። ንጹሕ ከሆኑ ግን ታንኩን እንደ ሞላ ተሸክሞ ይመለስ።»

«ቢወድቁስ?»

«ብወድቅ ሸሚዜን ትቆልፋለህ። ለምደኸዋል።»

ፍሬን ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሻዩን አየች። እንዲህ ሆኖ ተስማሙ፤ ልብስ ሰፊውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ እንዳትወጣ የሚለምኑ አትክልተኛ ሆኑ።

እንደ እውነቱ ከሆነ አረም ነቅለው አያውቁም። ሚስታቸው ስትነቅል በረንዳው ላይ ተቀምጠው የልብስ ጠርዝ እየዘመዘሙ ማየት ነበር ሥራቸው። ቢሆንም ማየትም ትምህርት ነው ብለው፣ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከሱቃቸው የቀረችውን አጭር ዱካ ይዘው ወጡ። ቁጢጥ ብለው መንቀል አይሆንላቸውም፤ እንደ ሥራቸው ተቀምጠው ነው። ዝናብ ያራሰው አፈር ደግሞ ሥር አይከለክልም፤ ሳብ ሲያደርጉት ሰተት ብሎ ይመጣል። መኮትኮቻውን አንዴ ሞክረውት መልሰው አስቀመጡት። ከእጅ አይሻል ዶማ አሉ።

የነቀሉትንም እንዲሁ አልወረወሩም። ልጅ ሆነው ሙያ ሲማሩ የተቆረጠ ጨርቅ በዘፈቀደ መጣል የሚያስቆጣ ጥፋት ነበር። እጅጌ ከእጅጌ፣ አንገትጌ ከአንገትጌ ነው። አረሙንም በመደቦቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ፣ ሥሩን ወደ አንድ ወገን፣ ራሱን ወደ አንድ ወገን አድርገው በረድፍ አስተኙት። ከሥራ የገባው ፍሬን ረድፉን በመስኮት አይቶ እግሩን አልረገጠም። ለእሱ ይሄ ምስጋና ነው።

ዝናቡ ግን ማታም ቀንም አላረፈም። በሳምንቱ ከአጥሩ ማዶ ጡረተኛዋ መምህርት ከጃንጥላቸው ሥር ብቅ አሉ። የሚስታቸው የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ለልብስ ሰፊው «መርፌ» የሚል ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ መርፌ፣ አረም ማዛወር ጀመሩ እንዴ?»

«ነቅዬ ጣልኩት እንጂ፣ እትዬ።»

«ጣልኩት ይላሉ? አደላድለው አስተኙት እንጂ። ይዩታ።»

ልብስ ሰፊው ዞር ብለው አዩ። በረድፍ የተኛው አረም በረድፍ ተነስቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፈር ይዞ፣ እንደ ሰልፈኛ ቆሟል። እንዲያውም በመደቡ ላይ ከነበረው ይልቅ አምሮበታል።

«በዝናብ ጊዜ መሬት ላይ የተተወ አረም ሥር ይሰዳል እንጂ አይሞትም» አሉ መምህርቷ። «እኔም ተሞኝቼበታለሁ፤ አንዱን አረም ሁለት ጊዜ ነቅዬዋለሁ። እንደ ረባሽ ተማሪ ነው፤ በበር ቢያስወጡት በመስኮት ይገባል። ከጣሪያ ሥር አድርገው ያድርቁት።»

ከጣሪያ ሥር ያለው ደረቅ ቦታ በረንዳው ነው፤ በረንዳው ላይ ያለው ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመድ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ሸሚዟ በሁለት እስር ሰርዶ መካከል ተሰቅሎ አገኘችው፤ ሰርዶውም እንደ ሸሚዙ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታጥቦ የተሰጣ።»

«ማን ነው የሚለብሰው?»

«ባልሽ። ልኩ ነው።»

ቤቱ ሁለት ቀን በዚህ ሳቀ። ፍሬን ጠዋት ሲወጣ «ልብሴ አልደረቀም?» እያለ ይጠይቃል፤ ልብስ ሰፊውም «ገና ነው፣ ነገ ይተኮስልሃል» ይሉታል። ነገሩ ግን በሳቅ የሚያልቅ አልነበረም። የነቀሉበት አፈር ስለተገለበጠ፣ ከሥር ተኝቶ የነበረው የአረም ዘር ብርሃን አየ። አንዱን ትልቅ ነቅለው በቦታው አንድ መቶ ትንንሽ ተቀበሉ። ከቃሪያው ወደ ቆስጣው ሲደርሱ ቃሪያው ሥር እንደገና አረንጓዴ ይሆናል። የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ። ሦስተኛው መደብ ላይ ደግሞ እስካሁን ድንብላል የሚመስል ነገር አልታየም፤ ሰማዩም ከቀድሞው ሳሳ እያለ ሄደ። ልብስ ሰፊው ደመና በቀነሰ ቁጥር በር በሩን ያዩ ጀመር።

መላው የመጣላቸው አልጋቸው ሥር ነው። ሱቃቸውን ሲዘጉ የቀረ አንድ ጥቅል አቡጀዲ እዚያ ተኝቷል፤ ለኪስና ለገበር የገዙት ነበር። አረም የሚበቅለው ብርሃን ስላገኘ ነው። ብርሃኑን ብትከለክለውስ? ቤት ውስጥ የተከማቸ አሮጌ ጋዜጣ አለ፤ ጋዜጣውን በሁለት አቡጀዲ መካከል አድርገህ ብትሰፋው፣ ለቃሪያው አንገት ማውጫ ብትተውለት? ለሰው ልብስ የሰፋ ለመደብ አያቅተውም።

በማግስቱ፣ ልጃቸው የእረፍት ቀኗ ነበርና፣ ጃንጥላ አስይዘዋት ልክ ለመውሰድ ወጡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የመደቡን ርዝመትና ወርድ ለኩ። ከዚያ ከቃሪያ እስከ ቃሪያ፣ ከቆስጣ እስከ ቆስጣ።

«ይቺ ቃሪያ ወገቧ ሰፋ ብሏል» አሉ።

«ትንፋሽሽን አትያዢ በላት።»

«አንቺ ጃንጥላውን ያዢ። እኔ ላይ ነው የሚያንጠባጥበው።»

የስፌት መኪናዋ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ የአበባ ማስቀመጫ ስትሸከም ነበር። አበባው ወረደ፣ መኪናዋ ዘይት ጠጣች፣ ቤቱ በድምፅዋ ሞላ። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት በክፍሉ በር በኩል አለፈች። ልብስ ሰፊው ቀና ሳይሉ ቆረጡ፣ ሰፉ፣ የእያንዳንዱን አንገት ዳር በእጅ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ዘመዘሙት። ለአረም ቀርቶ ለሠርግ የሚበቃ ሥራ ነበር።

ሦስተኛውን መደብ ሲደርሱ ቆም ብለው አሰቡ። ድንብላሉ የት የት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንገት ሊያወጡለት አልቻሉም። ግን ሙያው ምን ይላል? የቁልፍ ቀዳዳ መጨረሻ ነው የሚበሳው፤ መጀመሪያ ልብሱ ተለክቶ ይለበሳል፣ ከዚያ ቁልፉ የሚያርፍበት ቦታ በጠመኔ ይነጠባል። ድንብላሉም ሲበቅል ጨርቁን ከሥር ቀና ያደርገዋል፤ ቀና ባለበት በመቀስ ጫፍ ጠቅ፣ አንገት ወጣለት ማለት ነው። አሳባቸው በጣም ስላማራቸው ሌላ ማንንም አልጠየቁም። ሦስተኛውንም መደብ ከዳር እስከ ዳር አለበሱት፤ ጠርዙንም በእንጨት ችካል ወጠሩት።

«ጋሽ መርፌ፣» አሉ መምህርቷ ከማዶ፣ «ዕድሜ ደጉ፣ አፈር ሱሪ ሲታጠቅ አየሁ።»

«ሱሪ አይደለም፣ እትዬ። ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ላይ ይሰፋል።»

ፍሬን ጃንጥላ ይዞ ዙሪያውን ሦስቱንም ዞረ። እንደ አዲስ መኪና ጎማ ጠርዙን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«እውነት ለመናገር አምሯል» አለ። «ግን ሰውየው እንደሚመጣ አይርሱ።»

«ይምጣ።»

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ሦስተኛው መደብ ጋ እየሄዱ፣ የልብስ ሽብሽብ እንደሚፈልግ ሰው፣ እርጥቡን ጨርቅ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ቀና ያለ ነገር የለም። ዛሬም የለም። ነገም የለም። በመስኮት የምታያቸው ልጃቸው ጨርቃቸውን ሊያስተካክሉ ይመስላታል። እሳቸው ግን አምና የረገፈውን ፍሬ ጉንዳን በልቶት ይሆን፣ በስብሶ ይሆን፣ ወይስ ዕድሜው ይህን ያህል ብቻ ኖሯል እያሉ ይመለሳሉ። ሻይ ሲቀርብላቸውም ስኳር ይረሳሉ።

ከዚያ ጣሪያ የሚደበድበው ዝናብ መጣ። ሦስት ቀን ማንም ግቢ አልወጣም። በአራተኛው ጠዋት ልብስ ሰፊውን የቀሰቀሳቸው ዝምታ ነው፤ ቧንቧው አይፈስም፣ ቆርቆሮው አይጮህም። መጋረጃውን ሲገልጡት ፀሐይ የሚያህል ፀሐይ ወጥቶ ጠበቃቸው።

ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆልፈው እስኪወጡ ፍሬን ቀድሟቸው ግቢ ቆሟል።

«አባባ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልብሱ ጠቧቸዋል።»

እውነትም ጠቧቸዋል። አቡጀዲው ዝናቡን ጠጥቶ ተሰብስቧል። ችካሎቹ ወደ ውስጥ ተጎትተው እንደ ጥርስ ዘመዋል፤ ቃሪያዎቹ አንገታቸውን ተይዘው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብለዋል፤ ሦስተኛው መደብ ላይ ደግሞ ጨርቁ ከጠርዙ ስንዝር ያህል ሸሽቶ አፈሩን አራቁቶታል።

ልብስ ሰፊው ቆመው ቀሩ። ጥሬ ጥጥ ሳይነክሩና ሳያደርቁ መቁረጥ በሙያው የመጀመሪያው ነውር ነው። በዚህ ጥፋት ስንቱን ተለማማጅ ገሥጸዋል፤ አንዱንማ ከነመቀሱ ወደ ቤቱ ልከውታል። ለሰው የሰፉት ሁሉ መጀመሪያ ገንዳ ይገባ ነበር። ለአፈር ግን ማን ይነክራል? እነሆ አፈሩ ራሱ ነክሮ አሳያቸው።

«እንዳትነግር» አሉ።

«ለማን?»

«ለመምህርቷ።»

«እኔ አልነግራቸውም» አለ ፍሬን፣ «ግን አጥሩ ጋ ቆመዋል።»

መምህርቷ ከአጥሩ ማዶ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው እንዳላዩ ሆነው መቀሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የቃሪያዎቹን አንገት አንድ በአንድ ሰፋ ሰፋ አደረጉላቸው፤ ቃሪያዎቹም ቀና አሉ። ፍሬን የቃሪያውን ጨርቅ ጠርዝ ገልጦ ከሥር አየ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ባዶ ነበር፤ የነበረው አረም ቢጫ ሆኖ ከጋዜጣው ጋር ተጣብቋል። ጠርዙን መልሶ አስተካከለው፤ የዘመመውንም ችካል በድንጋይ መታው።

ልብስ ሰፊው ሦስተኛው መደብ ጋ ደረሱ። የተራቆተው ጠርዝ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነገሮች ብቅ ብለዋል፤ ያው አረም ነው ብለው በቁራጭ ጨርቅ ሊያሟሉት አሰቡ። ዱካዋን ሳያመጡ፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው፣ በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

ሽታው ከጉልበታቸው ሥር ተነሳ።

መጀመሪያ ከማዕድ ቤቱ የመጣ መሰላቸው። መስኮቱን አዩት፤ ተዘግቷል። ጉልበታቸውን አነሱ። ከሥሩ የተደፈጠጡት ቅጠሎች የተዘነጠለ ጠርዝ ነበራቸው። አንዷን ይዘው በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ከዚያም አልተንቀሳቀሱም።

«አባባ!» ፍሬን ድንጋዩን ጥሎ ሮጠ። «ወደቁ? ክንድዎን?»

ልጃቸው ከነፎጣዋ ከቤት ወጣች። ልብስ ሰፊው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉላት።

«አሽትቺው።»

አሸተተች። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እንደገና አሸተተች።

«የእማዬ ነው» አለች።

ዕቃ ልታጥብ የምትሄድ መስሏቸው ጠበቁ። አልሄደችም። ጎናቸው ቁጢጥ ብላ በጣቷ አፈሩን ነካ ነካ አደረገች፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ጨርቁ የሸሸበትን ጠርዝ ሁሉ ተከትሎ ወጥቷል።

«ለዚህ ነበር ‹አይረጭም› ያልከው?»

«ለዚህ ነበር።»

«ስለ ምድር ትል ያን ሁሉ ስትናገር?»

«ትሉም እውነት ነው።»

«ለምን አልነገርከንም፣ አባዬ?»

«ባይወጣስ?»

«ባይወጣ ሦስታችንም እንጠብቅ ነበራ።»

ልብስ ሰፊው ጠርዙን እንደገና ተመለከቱ። ከዚያ ነገሩ በራላቸውና ጭቃማ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ጠርዙ ላይ የወጣው ጨርቁ ስለሸሸ ነው። ጨርቁ ያልሸሸበትስ? ብርሃን የከለከሉት አረሙን ብቻ ነበር እንዴ? የእሳቸው አቡጀዲም ዓይን የለው፤ ደርሶ ማን ነህ ብሎ አልጠየቀም።

«ግለጡት» አሉ። «ቶሎ ግለጡት። ቀስ ብላችሁ።»

«ቶሎ ነው ቀስ?» አለ ፍሬን።

«ሁለቱንም።»

ፍሬን በአንዱ ጫፍ፣ ልጃቸው በሌላው ጫፍ፣ እርጥቡን ልብስ እንደ ታማሚ አንሶላ ወደ ላይ አነሱት። ከሥሩ ነጭ ክር የመሰለ ነገር መደቡን ሞልቶታል፤ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ተጣጥፎ የተኛ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ቅጠል የያዘ። ዘግይቶ ቢወጣም ወጥቷል። በመዳፍ ተዳብሶ ያልተገኘው ገና ጨርቅ የሚያነሳ ጉልበት ስላልነበረው ነው።

«ይተርፋል» አሉ መምህርቷ፤ አጥሩን ዞረው በበሩ መግባታቸውን ማንም አላየም ነበር። «ጥቂት ቀን ነው የታፈነው። ፀሐይ ሲያገኝ ይጠነክራል። ግን አረሙም አብሮት አለ፤ እሱም ፀሐይ ሲያገኝ ይጠነክራል። ዛሬውኑ መለየት ነው።»

«እትዬ፣ ስለ ጨርቁ…»

«ስለ ጨርቁ ለሰፈሩ ሁሉ እነግራለሁ፣ ጋሽ መርፌ። እስከዚያው ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ልቀመጥ።»

ልጃቸው ቤት ገብታ የቅርብ መነጽር አወጣች፤ አንዱን ለአባቷ፣ አንዱን ለመምህርቷ ሰጠች፤ ሁለቱም አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አደረጉት። አራቱም በመደቡ ዙሪያ ተቀመጡ። ሥራው እንደ ልብስ ስፌት ሆነ። የድንብላሉን ግንድ በግራ እጅ ጣት ደግፎ፣ አጠገቡ ያለውን አረም በቀኝ እጅ ከሥሩ ቀስ አድርጎ መሳብ። ሲጠራጠሩ ቅጠሉን ነክተው ጣታቸውን ያሸታሉ። የተነቀለው በሳህን እየሆነ በረንዳ ይወጣል፤ ትልልቁን ፍሬን ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅለዋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ መምህርቷ አንዱ ሲጣደፍ።

«ያቺ የቸኮለችው አሁን ምን ትሠራ ይሆን?» አለች ልጃቸው።

«እየለቀመች ነዋ።»

ፍሬን ከመደቡ ራስጌ ቆሞ ሳህን ሲቀበል፣ ልብስ ሰፊው ወሬ እያዳመጡ እጃቸውን ወደ አንዲት ጠማማ ችግኝ ላኩ። በዚያች ቅጽበት የፍሬን ቀኝ እግር ጭቃውን ረገጠ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ፤ ሳህኑ ተዘነበለ፤ ፍሬንም በአንድ እግሩ ቆመ።

ልብስ ሰፊው እጃቸውን አቁመው ችግኟን በመነጽራቸው አዩ። ነክተው አሸተቱ። ድንብላል ናት።

«አንተ ደግሞ መቼ ለየኸው?»

«እኔ አልለየሁትም» አለ ፍሬን ጫማውን ከጭቃው እየታገለ። «እግሬ ነው የለየው።»

መምህርቷ ሳቅ አንቋቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸው ባሏን በክርኑ ይዛ ስትጎትት ጫማው ቀረና ካልሲው ብቻ ወጣ። ልብስ ሰፊውም ሳቁ፤ እንባቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ ግንባራቸው ላይ የነበረው ጭቃ ወደ ጉንጫቸው ወረደ።

በዚህ መካከል ነው ረጪው የመጣው። ቢጫ ታንኩን በጀርባው አዝሎ፣ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ፀሐይ የወጣ ቀን ሥራ የሚበዛበት ትሑት ሰው ነው። ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጠ። ፍሬን በአንድ ጫማ ቆሞ «አንዴ ጠብቀኝ» አለውና ተመልሶ ጎንበስ አለ፤ ልብስ ሰፊው አንድ ነገር አሳይተውት ነበር። ረጪው ታንኩን አውርዶ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ልጃቸው ስታልፍ አንዲት ቅጠል አቀበለችው። አሽቶ አሸተታት፤ ሌላ ጊዜ አሸተታት፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«ይሄኛውስ?» ይላሉ ልብስ ሰፊው።

«አረም ነው» ይላሉ መምህርቷ።

«ድንብላል ነው።»

«ጋሽ መርፌ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳርም ነው የኖርኩት።»

«ደብተር ነዋ።»

«አሽትቱትና ተገላገሉ» አለች ልጃቸው።

«እጄ ሁሉ ድንብላል ሆኗል፤» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «አሁን ጫማውንም ባሸተው ድንብላል ነው የሚለኝ።»

ፀሐይዋ ከደረጃው ወደ ግድግዳው ዞረች። ረጪው ከጫማው አጠገብ፣ በድንጋዮቹ መካከል፣ አንዲት ሰርዶ አየ። በሁለት ጣቱ ይዞ ከነሥሯ ነቀላት። የሚጥልበት ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈ። ተነስቶ ከሌሎቹ ጎን ሰቀላት፤ መቆንጠጫውንም አጥብቆ ያዘላት። ከዚያ ሙሉውን ታንክ በጀርባው አዘለ፣ ማሰሪያውን አስተካከለ፣ መተላለፊያውን የአረም ሳህን እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ አለፈና፣ ያበጠውን የግቢ በር በትከሻው ገፋ አድርጎ ከውጭ ገጠመው።

«አረም ነው» ይላሉ መምህርቷ።

«ያሽትቱት፣ እትዬ» ይላሉ ልብስ ሰፊው።